የባለቤቴ ስኔርና ግራ እጁ

ባለቤቴ ከበሮ መቺ ነው። ከበሮ ስል ማኅሌት ላይ የሚመታው እንዳይመስላችሁ። የእሱ ብረት ነው፤ ክብና ዝቅ ያለ፣ ላዩም ታቹም ፕላስቲክ የተወጠረበት። የታችኛውን ፕላስቲክ ተጠግተው ሃያ ያህል ቀጫጭን ጥምዝምዝ ሽቦዎች ተዘርግተዋል። ላዩን በዱላ ሲመቱት ሽቦዎቹ አብረው ይርገበገቡና ያ ሰልፍ ላይ የምታውቁት «ጠረረረ» የሚል ድምፅ ይወጣል። ሙዚቀኞች ስኔር ይሉታል። እኔ በተናደድኩ ቀን የምጠራበት ሌላ ስም አለኝ፤ እሱ ይቅር።

ወጣት ሳለ በአንድ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ውስጥ ይመታ ነበር። ቡድኑ ሲበተን ዕቃው ለአባላቱ ተከፋፈለና ይህ ስኔር ለእሱ ደረሰው፤ ያኔም አሮጌ ነበር አሉ። ከዚያ በኋላ ሹፌር ሆነ፤ በሹፌርነቱም ጡረታ ወጣ። ስኔሩ ግን ከእኛ ጋር ስንት የኪራይ ቤት ዞረ! ዕጣ ወጥቶልን ለቡ ኮንዶሚኒየም የገባን ቀን፣ አልጋው ታች፣ ቁም ሣጥኑ ታች፣ እሱ ስኔሩን አቅፎ አራተኛ ፎቅ ወጣ። «አንተ ሰውዬ፣ ቤቱ የደረሰው ለእኛ ነው ለብረትህ?» ብዬ ከታች ጮህኩበት። በመስኮት አንገቱን ብቅ አድርጎ «እሷም የቤት ልጅ ናት» አለኝ። ተሸካሚዎቹ ሳቁብኝ።

እኔ ደግሞ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበርኩ። በአንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በካቻቢቴና በዘይት ኖሬያለሁ። ሴት ጠጋኝ ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው የጀመርኩት፤ ስለዚህ አፌም እንደ ካቻቢቴዬ ሾል ያለ ነው ይላሉ። ይበሉ። መኪናዋ ላይ የሻይ ብርጭቆ ያስቀመጠች ልጅ ካየሁ ቀኑን ሙሉ አልለቃትም ነበር። «ዕቃ አያያዝ የማያውቅ ሰው ባዶ እጁን ቢሄድ ይሻላል» የምትል አባባል ነበረችኝ፤ አሁን ሳስባት ጆሮዬ ድረስ ያቃጥለኛል። ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

በሥራዬ ላይ አንድ ሕግ ነበረኝ። ሰፊዋ መጥታ «መኪናዬ ስፌት እየዘለለ ነው» ስትለኝ ብሎን ለመፍታት አልቸኩልም። እሷን አስነሳና ሌላ ሰፊ መኪናው ላይ አስቀምጣለሁ። ለሁለተኛዋም ከዘለለ ጥፋቱ የመኪናው ነው። ለሁለተኛዋ ደህና ከሰፋ ጥፋቱ ከመጀመሪያዋ እጅ ነው። ሰው ቀይር፣ ከዚያ ብሎን ፍታ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። በዚህ ሕግ ያስለቀስኳቸው አሉ፣ እጃቸው ደህና መሆኑን አውቀው የሳቁም አሉ።

ባለፈው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ የባለቤቴ ግራ እጅ ደነዘዘ። አንድ ቀን ጠዋት የሻይ ብርጭቆ ሊያነሳ ሲል ጣቶቹ አልታዘዝም አሉት። በስመ አብ! እኔ ያን ቀን የሞትኩትን ሞት አልነግራችሁም። ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ነርቭ ነው፣ ይመለሳል፣ ዝም ብሎ ያንቀሳቅሰው ተባለ። «ምን ላንቀሳቅስ?» ሲል ሐኪሟ «የሚወዱት ሥራ የለም?» አለችው። የሚወደውን ታውቁታላችሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን ስኔሩን ከአልጋ ሥር ያወጣል፤ ለጎረቤት ሲል ላዩን አሮጌ ፎጣ ያለብሰዋል፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። በመጀመሪያው ሳምንት ግራው ዱላውን ይጥል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ያዘ። ሰኔ ሲያልቅ ፎጣውን አንስቶ አንድ ጊዜ «ጠረረረ» አደረገና ወደ እኔ ዞሮ እንደ ልጅ ሳቀ። ሳቁን ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነበር።

በዚያው ሰሞን የድሮ የቡድን ጓደኞቹ ደወሉለት። የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ ተገናኝተው ምሳ ይበላሉ፣ ይጫወታሉ። «ዘንድሮ አንተ ነህ የምትመታልን» አሉት። ስልኩን ዘግቶ እጁን እያየ ቆየ። «ያቺ ቀን ላይ ከደረስኩ ድኛለሁ ማለት ነው» አለኝ። እኔም በልቤ ያቺን ቀን ለእሱ ብዬ መጠበቅ ጀመርኩ።

ሐምሌ ላይ ለቅሶ ደርሶ ለሦስት ቀን አገር ቤት ሄደ። ከመሄዱ በፊት ስኔሩን እየመታ «ይህ ርጥበት ድምፁን ገደለው» ሲል ሰምቻለሁ። ክረምት ነዋ! ግድግዳው እንኳ ያልባል። ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? እኔ በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ መቺ ነበርኩ፤ ልጅ እያለሁ እኔን የሚያህል መቺ አልነበረም፣ ራሴን ላመስግን። በክረምት የከበሮው ቆዳ ይረጥብና ይላላል፤ ድምፁ ይታፈናል። ያን ጊዜ እሳት ዳር እናስጠጋዋለን። ቆዳው ይደርቃል፣ ይጠብቃል፣ ድምፁ ይመለሳል። ይህን የማያውቅ የሰንበት ተማሪ የለም።

እናማ እሱ በሌለበት ላስደስተው ብዬ በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጠልኩ። ስኔሩን ዱካ ላይ አስቀመጥኩና እሳቱ ዳር አስጠጋሁት። መጀመሪያ ላዩን፤ ቀጥሎ ደግሞ ገለበጥኩና ታቹን። ታችኛው ፕላስቲክ ስስ ስለሆነ «ይህ ነው የበለጠ የሚረጥበው» ብዬ እሱን የበለጠ አቆየሁት። እሳቱ ሲደክም አራገብኩ። በኋላ በጣቴ ጠቋ ጠቋ ሳደርገው የጠበቀ መሰለኝ። ሰው የፈለገውን ነው የሚሰማው። ወልውዬ፣ በፎጣው ጠቅልዬ፣ አልጋ ሥር መለስኩት። ምንም አልነግረውም፣ ራሱ ሰምቶ ይገረም ብዬ ሆዴ ውስጥ ያዝኩት።

ተመለሰ። ገና ጫማውን እንዳወለቀ ስኔሩን አወጣና ዱላዎቹን ያዘ። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ጆሮዬን አቁሜያለሁ። መታ። «ቅጭልጭል» አለ። ያ ጠረረረ የለም፤ ጣሳ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ይንቀጫቀጫል። ደግሞ መታ፤ ባሰ። ሽቦውን የሚያጠብቀውን ማንሻ አወጣ፣ አወረደ፤ ያው ነው። ብቅ ብዬ ሳይ ስኔሩን አይደለም የሚያየው። ግራ እጁን ነው የሚያየው።

«ይኸው» አለ። «ሦስት ቀን ስላልመታሁ ሄደ።»

እኔስ ምን አሰብኩ? ከበሮውንማ አሙቄዋለሁ፤ ከበሮው ደህና ነው፤ እንግዲህ የቀረው እጁ ነው ብዬ አሰብኩ። እግዜር ያሳያችሁ! ያጠፋሁት እኔ፣ የፈረድኩት በእሱ እጅ። ደንግጬ አፌን ዘጋሁ። ያን ጊዜ የዘጋሁት ጥፋቴን ለመደበቅ አልነበረም፤ ጥፋት መሥራቴንም አላወቅሁም። የፈራሁት እጁን ነበር።

ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ሙሉ ስኔሩ ከአልጋ ሥር አልወጣም። አራት ሰዓት ሲሆን መስኮቱ ጋ ሄዶ ይቀመጥና ከፊታችን የሚሠራውን ሕንፃ ያያል። ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። እንጀራ ሲበላ ቀኙ፣ ሻይ ሲጠጣ ቀኙ፣ ቁልፍ ሲከፍት ቀኙ። የሐኪሟ ትእዛዝ ቀርቶ አረፈው። «እባክህ ትንሽ ምታ» ስለው «ምን ልምታ? ለጎረቤት መሳቂያ ልሁን?» ይለኛል። «እሺ ከበሮውን ልየው» ስለው ደግሞ «አትንኪው! ከበሮው ምን አደረገ? ከእኔ ይልቅ ደህና ያለው እሱ ነው» ብሎ ይቆጣል።

ሠላሳ ዓመት የኖርሽበትን ሕግ ረሳሽው ወይ ትሉኛላችሁ። አልረሳሁትም። ሌላ መቺ አምጥቼ ስኔሩን ባስመታው፣ በሰውዬው እጅ ደህና ከጮኸስ? ያኔ ነገሩ አለቀ፣ እጁ ነው ማለት ነው። መኪናዋ ደህና ናት፣ እጅሽ ነው ያልኳቸው ልጆች ፊት መጣብኝ። ለእነሱ ስፈርድ አንድ ቀን እንኳ እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም። ለባለቤቴ ግን አልቻልኩም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ለጓደኞቹ ደወለ። «ሌላ መቺ ፈልጉ» ሲላቸው ሰማሁት። ስልኩን ካስቀመጠ በኋላ «ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ የሙዚቃ ማሠልጠኛ አለ፤ ስኔሩን እሰጣቸዋለሁ። እዚህ አልጋ ሥር ከሚዝግ የሚመታው ሰው እጅ ይግባ» አለኝ። አነጋገሩ እንደ ተራ ነገር ነበር። እኔ ግን ስኔሩ ከዚህ ቤት ከወጣ እጁ ከኪሱ እንደማይወጣ አወቅሁ። «አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት። ለምን እንደምሄድ እኔም በቅጡ አላውቅም ነበር።

ስኔሩን በነጠላዬ ጠቅልለን ሚኒባስ ተሳፈርን። ረዳቱ «ማዘር፣ ድስቷን ጉልበትሽ ላይ!» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ ነበረኝ፤ ያን ቀን ዝም ብዬ ጉልበቴ ላይ አደረግኋት። ባለቤቴ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል።

ማሠልጠኛው ከጫማ መሸጫ በላይ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። አሠልጣኙ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጨዋ፣ ሲናገር አንገቱን ዘንበል የሚያደርግ ልጅ ነው። ባለቤቴ ስኔሩን ሲፈታለት የልጁ ዓይን በራ። «ፋዘር! ይሄ እኮ ነሐስ ነው! እንዲህ ያለ ዕቃ የት ይገኛል?» አለና ዙሪያውን ዳሰሰው። ባለቤቴ «ይኸው፣ የአንተ ነው፤ ምታበት» ብሎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ልጁ መቆሚያው ላይ አስቀምጦ ዱላ አነሳ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ደህና እንዳይጮህ ለመንኩ፤ እንዲህ ያለ ጸሎት ተጸልዮ ያውቃል?

ልጁ መታ። «ቅጭልጭል» አለ።

ልጁ ግራ ገባው። ሌላ ምት ሞከረ፤ ተንቀጫቀጨ። ታላቅን ማሳፈር ነውር ነውና ፈገግ ብሎ «ዕቃውስ ዕቃ ነው ፋዘር፤ ትንሽ... ክረምት ስለሆነ ይሆናል፤ በጣም ጥሩ ነው» አለ። ባለቤቴ ስጦታውን ሰጥቶ የሚሄድበትን በር እያየ ስለነበር ልብ አላለም። እኔ ግን ከወንበሬ ተነሳሁ።

«ምን አልክ ልጄ? እስቲ ድገመው!»

«ኧረ ማዘር፣ ደህና ነው...»

«ጨዋነትህን ተውና ምታው አልኩህ!»

ደገመው። ጣሳና ጠጠር። ባለቤቴን በክንዱ ያዝኩት። «ሰማህ? በእሱም እጅ ያው ነው!» አልኩት። ወዲያው ግን ሕጌ ግማሽ መንገድ ላይ መሆኑ ትዝ አለኝ። ከበሮው መበላሸቱ ታወቀ እንጂ እጁ ደህና መሆኑ ገና አልታወቀም፤ ሁለቱም ታመው ሊሆን ይችላል። ጥግ ላይ የማሠልጠኛው ከበሮዎች ተደርድረዋል። «እዚያ ተቀመጥና ምታ» አልኩት።

«ተዪኝ በሰው ፊት» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ተዪኝ፣ እንሂድ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሠላሳ ዓመት ስንቷን ከወንበሯ አስነስቻለሁ። ዛሬ አንድ ሰው ላስቀምጥ። ካልሆነልህ ይህን ስኔር ራሴ እዚሁ ትቼው እወርዳለሁ፤ ሁለተኛ አፌ አያነሳውም።»

አየኝ። ኮቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝና ተቀመጠ። ግራ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጣቶቹን ዘረጋ፣ ሰበሰበ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጀመረ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ግራዋ ትጎተታለች፤ አልዋሽም፣ ከቀኟ ትንሽ ትዘገያለች። ኮቱን ጨምቄ ይዣለሁ። እሱ ግን አላቆመም። ጥቂት ቆይታ ግራዋ ነቃች፤ እየተቀራረቡ፣ እየተቀራረቡ መጡና ሁለቱ እጆች አንድ ሆነው ክፍሉን «ጠረረረ» ሞሉት። እልልታዬን ለቀቅኩት! የጫማ መሸጫው ሰውዬ ሠርግ መስሎት ደረጃውን ወጥቶ መጣ።

ባለቤቴ ዱላዎቹን አስቀምጦ ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። «ትንሽ ሰነፈች» አለ፣ «ግን አለች።» ልጁን ደግሞ እያፈረ «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ስጦታዬን ልመልስ ነው» አለው። ልጁ ሳቀና «ይመልሱ ፋዘር! የታች ፕላስቲክ ካስፈለገ እኔ ጋ ያገለገለ ስላለ ይምጡ» አለን። በሚኒባስ ስንመለስ ስኔሩ በእሱ ጉልበት ላይ ነበር፤ በጣቶቹ ጎኑን ይመታው ነበር፤ በግራው።

በማግስቱ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ አንሶላ ዘርግተን ቀዶ ጥገና ጀመርን። አሁን «ንኪው» ተብያለሁ። የብሎኖቹ ራስ አራት ማዕዘን ነው፤ ቁልፉ ከጠፋ ዓመታት ሆኖታል፤ ስለዚህ ብረቱን እንዳይቧጭረው ፒንሳውን በጨርቅ ጠቅልዬ እፈታለሁ። ከአንድ ጎን ተነስቼ በተርታ ልፈታ ስል ባለቤቴ ያዘኝ። «አይ! እንደ ጎማ ብሎን ነው፤ አንዱን ትንሽ፣ ከዚያ ፊት ለፊቱን። አለበለዚያ ቀለበቱ ይጣመማል።» ሹፌርም ያውቃል ለካ! ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከላይ ጀምረን ያለውን ሁሉ አየን። በብሎኖቹ ማቀፊያ ውስጥ ትንንሽ ሞላዎች አሉ፤ ሁለቱ ላልተው ስለነበር ሲነካኩ ይዘፍናሉ። ጥጥ ጠቅልዬ ወሸቅሁባቸው፣ ዝም አሉ። ከሽቦዎቹ አንዱ ተበጥሷል፤ ቆረጥኩት። ሦስቱ ተጣመዋል፤ በጣቴ አቃናኋቸው። ሽቦዎቹን የሚይዘው ክር በስብሷል፤ እሱ ቀላል ነው፣ የሱሪ ወገብ ውስጥ የሚሰፋው ጠንካራ ጥብጣብ ከሥራ ዘመኔ የተረፈ አለኝ፤ ቆርጬ አሰርኩበት። ልቤ እንዴት ደስ እንዳለው! ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ቀን አላገኘሁም።

ከዚያ ታችኛውን ቀለበት አነሳሁና ስሱን ፕላስቲክ ወደ ብርሃኑ ያዝኩት።

በአንድ ጎኑ ተጨማዷል። የተቀረው ልሙጥ ነው፤ ያ አንድ ጎን ግን ረግቦ፣ ሞገድ ሠርቶ፣ ጠርዙ ጋ ቢጫ ብሏል። ያን ጎን አውቀዋለሁ። ወደ ከሰሉ አዙሬ የበለጠ ያቆየሁት እሱን ነው።

ባለቤቴ አንገቱን ነቀነቀ። «አይ ርጥበት! አይ እርጅና!» አለ። እኔም «አይ እርጅና» አልኩ። እንደዚያ አልኩ! ሻይ በመኪና ላይ አስቀመጥሽ ብዬ ልጅ ሳስለቅስ የኖርኩት ሴትዮ።

ፕላስቲኩን ለመለወጥ ብቻዬን ወደ ማሠልጠኛው ሄድኩ። ልጁ ተቀበለኝና ገና እንዳየው «ማዘር፣ ይሄ እኮ እሳት ነክቶታል። ምን አጋጥሞት ነው?» አለኝ። «እኔ እንጃ ልጄ» አልኩ። እሱ ደግሞ አስተማሪ ነውና ዝም አይልም፤ «ቆዳ ሲሞቅ ይጠብቃል፤ ፕላስቲክ ሲሞቅ ይረግባል። ታቹ ከረገበ ሽቦው የሚያርፍበት ያጣል፣ ይንቀጫቀጫል። ማንም ቢመታው አይጮህም» ብሎ አስረዳኝ። ማንም ቢመታው። አመስግኜ፣ የሰጠኝን ያገለገለ ፕላስቲክ በብብቴ ይዤ ወረድኩ። ሚኒባስ አልያዝኩም፤ ግማሹን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ሆድ ይፍጀው፣ ከበሮው ይዳናል፣ ምን አባቱ ብዬ ራሴን መከርኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ገጠምነው። እኔ ብሎን አጠብቃለሁ፣ እሱ በየብሎኑ ትይዩ ጫፉን በጣቱ መታ እያደረገ ጆሮውን ያዘነብላል። «ያቺን ትንሽ... ተዪ፣ በዛ፣ መልሺ... እንደሱ። አሁን ፊት ለፊቷን።» የእሱ ጆሮ፣ የእኔ እጅ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ሳንጣላ አንድ ሥራ የሠራን አይመስለኝም። ሁሉም ብሎን አንድ ዓይነት ድምፅ ሲሰጥ ሽቦውን አስገባን፣ ማንሻውን አነሳ፣ ዱላዎቹን ያዘ።

«ጠረረረ!»

ያለ ፎጣ መታ። ከላይ ያለችው ጎረቤታችን ወለሏን በእግሯ ትመታ ጀመር፤ ልትቆጣን መስሎኝ ነበር፣ ለካ ምቱን እየተከተለች ነው። ባለቤቴ ስልኩን አንስቶ ለጓደኞቹ ደወለ። «ሌላ መቺ አገኛችሁ?» አላቸው። «አላገኛችሁም? እሰይ! እንዳታገኙ።» ስልኩን ዘጋና ግራ እጁን ከፊቱ አነሳው፤ አገላብጦ አየው።

«አምስት ሳምንት» አለ። «አምስት ሳምንት ሙሉ ይህን እጅ ስረግመው ከረምኩ። ቢቆረጥ እንኳ ግድ አልነበረኝም።»

ይህን ሲል ሆዴ አልቻለም። ሆድ ይፍጀው ያልኩት ሆድ፣ እሱን እየፈጀው ነበር እኮ!

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑ?»

«ስኔሩን ያበላሸሁት። ለቅሶ የሄድክ ጊዜ። እሳት ዳር አስጠጋሁት።»

«እሳት ዳር?» አለ።

«እሳት ዳር። ከሰል አቀጣጥዬ። አራገብኩም።»

«ስኔርን?»

«በክረምት ከበሮ ይላላል ብዬ! በልጅነቴ እንደዚያ ነበር የምናደርገው። ላስደስትህ ብዬ እኮ ነው። ፕላስቲኩን ጠዋት ሳየው አወቅሁ፤ አፍሬ ዝም አልኩህ። ከዚያ በፊት ግን እኔም እጅህ ነው ብዬ አምኜ ነበር። በእጅህ ፈርጄ ነበር።» እንባዬ መጣ። ንግግር አልቆብኝ ተረት ውስጥ ገባሁ፤ «ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ...»

«ተረቱን ተዪው» አለኝ።

ፊቱን ማንበብ አልቻልኩም። ዱላዎቹን አንድ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ግራ እጁን ስኔሩ ላይ፣ አዲስ በወጠርነው ከበሮ መካከል፣ መዳፉን ዘርግቶ አኖረው።

«እኔን አይደለም የበደልሽው» አለ። «እሱን ይቅርታ ጠይቂው።»

ሳቄ አመለጠኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳየው ግን እየቀለደ አልነበረም፤ እጁ እዚያው ተዘርግቶ ይጠብቃል። ለካ እሱም እጁን ሲረግም ከርሟልና ይቅርታው ከእሱም የሚጠበቅ ነበር፤ ብቻውን መጠየቅ ከብዶት ነው። ወንበሬን ስቤ ተጠጋሁ። እጁን በሁለት እጄ አነሳሁትና ጉልበት እንደሚሳም ዝቅ ብዬ ሳምኩት፤ አንድ ጊዜ ስለ እኔ፣ አንድ ጊዜ ስለ እሱ። «ይቅር በለን» አልኩት፤ እጁን። ስትመታ የኖረችውን ያቺን ጠንካራ የአውራ ጣት ሥር በጉንጬ ዳሰስኩ። አልለቀቅኩም፤ ብዙ ቆየሁ።

«በይ እንግዲህ ልቀቂው» አለኝ ባለቤቴ፣ ድምፁን እየጠራረገ። «ሥራ አለበት።»